«ለተወሰነ ጊዜ ብቻ!»፦ መጥቶ የሚጠፋ ምግብ ለምን ያጓጓናል?

አንድ ምግብ ዓመቱን ሙሉ ከሚሸጥ ይልቅ ለስድስት ሳምንት ብቻ ቢሸጥ ይበልጥ ይጣፍጣልን? ጥያቄው ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። ሥጋው ያው ሥጋ፣ ዳቦው ያው ዳቦ፣ ስጎውም ያው ስጎ ነው፤ የቀን መቁጠሪያ ደግሞ ቅመም አይደለም። ይሁን እንጂ በሺህ የሚቆጠሩ ቅርንጫፎች ያሏቸው የፈጣን ምግብ ድርጅቶች አንዳንድ ምግቦችን ሆን ብለው ከዝርዝራቸው እያወጡና መልሰው እያስገቡ ይሸጣሉ። የማስታወቂያው ቃል በየአገሩ ቢለያይም መልእክቱ አንድ ነው፦ «ለተወሰነ ጊዜ ብቻ!»። ደንበኞችም ይህን ሰምተው ይሰለፋሉ፤ ምግቡ የሚገኝበትን ቅርንጫፍ ፈልገው ረጅም መንገድ የሚነዱም አሉ።

በዚህ ጽሑፍ የዚህን ልማድ አመጣጥ፣ ከጀርባው ያለውን የምግብ ኬሚስትሪ፣ እንዲሁም በአእምሯችን ውስጥ የሚያስከትለውን ለውጥ ለመዳሰስ እንሞክራለን። በመጨረሻም አንባቢ በራሱ ቤት ወይም በመኖሪያ ክፍሉ ሊሠራው የሚችል ቀላል ሙከራ እናቀርባለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውሳለን።

ሦስት ዓይነት ወቅት

ጊዜ የተወሰነለት ምግብ የፈጣን ምግብ ድርጅቶች የፈጠሩት ነገር አይደለም። ክረምት ሲገባ በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር የበቆሎ እሸት በከሰል ፍም ላይ ይጠበሳል፤ ዝናቡ ሲያበቃ ጥብሱም ያበቃል። የዚህን ምግብ ወቅት የሚወስነው ተፈጥሮ ነው፤ እሸት ከደረቀ እሸት መሆኑ ይቀራልና። ሁለተኛው ዓይነት ወቅት የሚወሰነው በሃይማኖትና በባህል ነው። የፋሲካ ዶሮ ወጥ፣ የረመዳን ማፍጠሪያ ሳምቡሳና ሾርባ ከዚህ ይመደባሉ። ዶሮውም ሆነ ምስሩ በማንኛውም ጊዜ ገበያ ላይ አለ፤ ልዩ ያደረገው ቀኑ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ግን ተፈጥሮም ሃይማኖትም አያዝዘውም። አንድ ድርጅት በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ተሰብስቦ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» ብሎ ይወስናል፤ ምግቡም በዚያው መሠረት ይመጣል፣ ይሄዳል። የዚህን ሦስተኛ ወቅት ምንነት ለመረዳት ከሁለተኛው እንዴት ቀስ በቀስ እንደተወለደ መመልከት ይጠቅማል።

ከጾም የተነሣ ሳንድዊች

በ1962 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በሲንሲናቲ ከተማ ሉ ግሮን የተባሉ ነጋዴ የማክዶናልድስ ቅርንጫፍ ነበራቸው። በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው ካቶሊክ ነበር። በዚያን ዘመን የአሜሪካ ካቶሊኮች በዐቢይ ጾም ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ በየዓርቡ ከሥጋ ይታቀቡ ስለነበር ዓርብ በመጣ ቁጥር የግሮን ገበያ ይቀዘቅዝ ነበር። የችግሩ ምንነት ለእኛ አገር አንባቢ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለንም፤ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ቤቶች እንዴት እንደሚውሉ ሁላችንም እናውቃለንና።

ግሮን መፍትሔ ይሆናል ያሉት በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ መሐል አድርጎ መሸጥ ነበር። የድርጅቱ መሪ ሬይ ክሮክ ግን የራሳቸው ሐሳብ ነበራቸው፤ በሥጋው ፈንታ የተጠበሰ አናናስና አይብ ያለበት «ሁላ በርገር» የሚባል ሳንድዊች። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዓርብ ሁለቱንም ሸጠው ብልጫ ያገኘው በምግብ ዝርዝሩ ውስጥ እንዲገባ ተስማሙ። የዓሣው ሳንድዊች 350 ያህል ተሸጠ፤ አናናሱ ግን ፈላጊ አላገኘም ለማለት ይቻላል። የዓሣው ሳንድዊች በ1965 በመላ አሜሪካ በሚገኙ ቅርንጫፎች መሸጥ ጀመረ። በአገራችን ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር የቆየ ሲሆን በዚህ ጽሑፍ አንገባበትም፤ ልብ እንዲባል የምንፈልገው ግን ይህን ሳንድዊች የወለደው የጾም ቀን መሆኑን ነው።

ድርጅቶቹ ከዚህ አንድ ትምህርት የቀሰሙ ይመስላል፤ የቀን መቁጠሪያ ገበያን ሊቀንስም ሊጨምርም ይችላል። በ1970 ማክዶናልድስ የአየርላንዳውያን የቅዱስ ፓትሪክ በዓል በሚከበርበት በመጋቢት ወር አካባቢ ብቻ የሚሸጥ አረንጓዴ ሚልክ ሼክ በአሜሪካ አቀረበ። በጃፓን ደግሞ ከ1991 ጀምሮ ሕዝቡ የመኸርን ሙሉ ጨረቃ በሚያደንቅበት ወቅት፣ በሥጋው ላይ ክብ የተጠበሰ እንቁላል የተቀመጠበት በርገር ይሸጣል፤ እንቁላሉ ጨረቃን ይወክላል። በእነዚህ ምሳሌዎች ድርጅቱ ወቅቱን ከሕዝቡ ተበድሯል ማለት ነው። ቀጥሎ የመጣው ግን ከማንም ያልተበደረ ወቅት ነው።

በዓል የሌለው ወቅት

በ1981 ማክዶናልድስ «ማክሪብ» የተባለ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች አወጣ። የፈጠሩት የድርጅቱ ዋና የምግብ ባለሙያ ሬኔ አረንድ ሲሆኑ መነሻው እጥረት እንደነበር ራሳቸው ገልጸዋል። ቀደም ሲል ያዘጋጁት የዶሮ ቁርጥራጭ ምግብ ከተጠበቀው በላይ በመወደዱ ለሁሉም ቅርንጫፍ የሚበቃ ዶሮ አልተገኘም፤ ስለዚህ ዶሮ ላልደረሳቸው ሌላ አዲስ ምግብ መስጠት አስፈለገ።

ማክሪብ በመጀመሪያ ጊዜው በቂ ገበያ ባለማግኘቱ በ1985 ከዝርዝሩ ወጣ። በ1989 ተመልሶ መጣ። በ2005 ድርጅቱ «የስንብት ጉዞ» ብሎ አስታወቀ፤ በ2006ም እንደገና የስንብት ጉዞ ሆነ፤ በ2007ም ሦስተኛ ስንብት ተደረገ። ከዚያ በኋላም ተመልሷል። በ2022 አሁንም ስንብት ታወጀ፤ በ2023 ግን በአንዳንድ ቅርንጫፎች እንደገና ታየ። በቋሚነት ሲቀርብ ያልተሳካለት ምግብ እየተሰናበተ ሲመላለስ ግን ታዋቂ ሆነ። አድናቂዎቹ ምግቡ የታየባቸውን ቅርንጫፎች በካርታ ላይ እየመዘገቡ እርስ በርሳቸው መጠቋቆም ጀመሩ።

እዚህ ላይ አንድ አስተማሪ ንጽጽር አለ። ያው ማክሪብ በጀርመን ለረጅም ዓመታት በቋሚነት ሲሸጥ ቆይቷል። ስለዚህ በአሜሪካ ጠፍቶ የሚመለሰው ጥሬ ዕቃው በወቅት ስለሚገኝ ወይም አሠራሩ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው ልንል አንችልም። አንዳንድ ታዛቢዎች ምግቡ የሚመለሰው የአሳማ ሥጋ ዋጋ ሲወርድ ነው የሚል መላ ምት አቅርበዋል፤ ይህ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። የተረጋገጠው የምግብ ቴክኖሎጂው እንዲህ ዓይነቱን ምርጫ የሚፈቅድ መሆኑ ነው።

ተበትኖ የተሰበሰበ ሥጋ

ማክሪብ ሲታይ ጎድን አጥንት የተደረደረበት ይመስላል፤ ነገር ግን አንድም አጥንት የለውም። ቅርጹ የተገኘው በቅርጽ ማውጫ ነው። ለዚህ መሠረት የሆነውን ዘዴ በ1970ዎቹ ካዳበሩት ተመራማሪዎች አንዱ በአሜሪካ የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የሥጋ ሳይንስ ምሁር የነበሩት ሮጀር ማንዲጎ ናቸው። ዘዴው የሚከተለውን ይመስላል።

የእንስሳ ጡንቻ በዋናነት የተሠራው ማዮሲንና አክቲን ከሚባሉ ፕሮቲኖች ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች በንጹሕ ውኃ በቀላሉ አይሟሙም። ሥጋው ተከትክቶ ጨው ሲጨመርበትና በማሽን ውስጥ ሲታሽ ግን ማዮሲን ከጡንቻው ጭረቶች እየወጣ በቁርጥራጮቹ ገጽ ላይ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይሠራል። ከዚያም ሥጋው በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ ይቀዘቅዛል። ሙቀት ሲነካው የማዮሲን ሞለኪውሎች ተፈትተው እርስ በርስ ይተሳሰሩና እንደ መረብ ያለ ጠንካራ ጄል ይፈጥራሉ፤ ቁርጥራጮቹም አንድ ሆነው ይቀራሉ። ይህን ለውጥ በቤታችን የምናውቀው እንቁላል ሲጠበስ ነው፤ ፈሳሽ የነበረው ነጩ ክፍል በሙቀት ረግቶ ዳግም ወደ ፈሳሽነት እንደማይመለስ ሁሉ ማለት ነው። ዘዴው ለአሳማ ብቻ ሳይሆን ለበሬ፣ ለዶሮና ለዓሣ ሥጋም ይሠራል።

የዚህ ኬሚስትሪ ፋይዳ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለብቻቸው የማይፈለጉ ቁርጥራጮች ወጥ መጠንና ወጥ ቅርጽ ይኖራቸዋል፤ ስለዚህ በየትኛውም ቅርንጫፍ የሚሠራ ሰው በተወሰነ ደቂቃ ሊያበስላቸው ይችላል። ሁለተኛ፣ ምርቱ በቅዝቃዜ ተከማችቶ ለወራት ሊቆይ ይችላል። እሸት የዝናብን ፈቃድ ይጠብቃል፤ የቀዘቀዘ ሥጋ ግን የድርጅቱን ውሳኔ ብቻ ይጠብቃል። ሦስተኛውን ዓይነት ወቅት የሚቻል ያደረገው እንግዲህ ጨውና ማቀዝቀዣ ነው።

ሁለት ብስኩት ከዐሥር ብስኩት ሲበልጥ

አሁን ከምግቡ ወደ በላተኛው እንሻገር። በ1975 እስቲፈን ዎርቸል፣ ጄሪ ሊና አካንቢ አደዎሌ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ሙከራ አሳተሙ። ለተሳታፊዎች ከማሰሮ ውስጥ አንድ ብስኩት እየተሰጣቸው እንዲቀምሱና አስተያየት እንዲሰጡ ተጠየቁ። ለከፊሎቹ ማሰሮው ዐሥር ብስኩት ነበረበት፤ ለከፊሎቹ ሁለት ብቻ። ብስኩቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር።

ከሁለቱ አንዱን የቀመሱት ሰዎች ብስኩቱ ይበልጥ ተፈላጊ እንደሆነና ዋጋውም ከፍ ማለት እንዳለበት ገመቱ። ተመራማሪዎቹ ከዚህም አልፈው ሄዱ። ለአንዳንዶቹ በመጀመሪያ ዐሥር ብስኩት የያዘ ማሰሮ አሳዩና በፊታቸው ሁለት ብቻ ባለበት ማሰሮ ለወጡት። ይህ «ነበረ፣ ግን ቀነሰ» የሚለው እጥረት ከመነሻው ከነበረው እጥረት ይልቅ ፍላጎትን አናረ። የቀነሰበት ምክንያት «ሌሎች ሰዎች ፈልገውት ነው» ሲባል ደግሞ ፍላጎቱ ይበልጥ ከፍ አለ። አንባቢ ይህን ከማክሪብ ታሪክ ጋር ቢያስተያየው ተመሳሳይነቱ አይሰወረውም፤ ነበረ፣ ቀረ፣ ሌሎችም እየፈለጉት ነው።

ይሁንና የሙከራው ዋነኛ ቁም ነገር በብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክፍል ነው ብለን እናምናለን። ሰዎቹ ጥቂት የሆነውን ብስኩት ይበልጥ ቢሹትና ከፍ ያለ ዋጋ ቢሰጡትም ይበልጥ ይጣፍጣል አላሉም። እጥረት መሻትን ጨመረ፤ ጣዕምን ግን አልጨመረም። የመግቢያ ጥያቄያችን የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው።

መሻትና መደሰት በአንጎል ውስጥ

በዕለት ተዕለት ንግግራችን «የምፈልገው ስለሚጣፍጠኝ ነው» እንላለን። የአንጎል ተመራማሪዎች ግን ሁለቱ የተለያዩ ሂደቶች መሆናቸውን ደርሰውበታል። በዚህ መስክ የሚታወቁት ኬንት ቤሪጅና ባልደረቦቻቸው በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል ከአንጎላቸው እንዲጠፋ ሲደረግ አይጦቹ ምግብ ፍለጋ መንቀሳቀስ አቆሙ። ጣፋጭ ፈሳሽ በአፋቸው ሲጨመርላቸው ግን እንደ ጤነኛ አይጥ ከንፈራቸውን እየላሱ ደስታቸውን አሳዩ። መደሰቱ አለ፤ መሻቱ ግን የለም። ስለዚህ ዶፓሚን ብዙ ጊዜ እንደሚባለው «የደስታ ኬሚካል» ሳይሆን በዋነኛነት የመሻት ኬሚካል ነው ለማለት ይቻላል።

ዶፓሚን መቼ እንደሚነሣ ያሳዩት ደግሞ ቮልፍራም ሹልትዝ ናቸው። ጦጣዎች ሳይጠብቁት ጭማቂ ሲሰጣቸው ዶፓሚን የሚያመነጩት ነርቮች በብርታት ይሠራሉ። ከጭማቂው በፊት ሁልጊዜ አንድ ምልክት ቢቀድም፣ ከጊዜ በኋላ ነርቮቹ የሚነሡት ለጭማቂው ሳይሆን ለምልክቱ ነው። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ቢቀር ደግሞ የነርቮቹ ሥራ ከመደበኛው በታች ይወርዳል። በሌላ አነጋገር ነርቮቹ የሚዘግቡት ሽልማቱን ሳይሆን በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን መገመት ይቻላል። ዓመቱን ሙሉ የሚሸጥ በርገር ሙሉ በሙሉ የተጠበቀ ነገር ስለሆነ አዲስ ዜና የለውም። «ተመልሷል!» የሚለው ማስታወቂያ ግን ያልተጠበቀ ምልክት ነው፤ መሻቱ የሚቀሰቀሰው ገና ምግቡ አፍ ሳይደርስ ነው። የመጀመሪያው ጉርሻ ከማስታወቂያው ያነሰ ሆኖ የሚሰማቸው ሰዎች መኖራቸውም ከዚህ አንጻር አያስደንቅም።

አዲስ ነገር በታወቀ ልብስ

ጊዜ የተወሰነለት ምግብ ሁሉ ተመላሽ አይደለም፤ ብዙው ከዚህ በፊት ያልነበረ ነው። ሰው ሁሉን በል ፍጡር በመሆኑ ከአዲስ ምግብ ጋር ያለው ግንኙነት ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል የማያውቀው ምግብ መርዝ ሊሆን ስለሚችል ይፈራል፤ በሌላ በኩል አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ቢበላ የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር ሁሉ ስለማያገኝ ለውጥ ይሻል።

ባርባራ ሮልስና ባልደረቦቻቸው በ1981 ባሳተሙት ጥናት የዚህን ሁለተኛ ገጽ አሠራር አሳይተዋል። ሰዎች አንድን ምግብ እስኪጠግቡ ከበሉ በኋላ የዚያ ምግብ ጣዕም ይቀንስባቸዋል፤ ያልበሉት ምግብ ጣዕም ግን ብዙም አይቀንስም። ጥጋብ የሆድ ብቻ ሳይሆን የየጣዕሙም ነው ማለት ነው። በበዓል ቀን «በቃኝ» ብሎ ከወጡ የተነሣ ሰው ወዲያው ከቡናው ጋር ድፎ ዳቦ ሲቀርብለት የሚቆርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የፈጣን ምግብ ድርጅቶች የሚያዘጋጁት አዲስ ምግብ ሁለቱንም ገጾች የሚያስታርቅ ነው። ዳቦው፣ ሥጋውና ማሸጊያው ደንበኛው የሚያውቃቸው ናቸው፤ ስጎው ወይም አይቡ ብቻ ይለወጣል። ፍርሃት እንዳይነሣ በቂ ዝምድና፣ መሰልቸት እንዳይኖር በቂ ለውጥ አለው። ለድርጅቱም ርካሽ ሙከራ ነው፤ አዲስ ምድጃ ሳይገዛ፣ ሠራተኛ ብዙ ሳያሠለጥን የደንበኛውን ምላሽ ይለካል።

የፋሲካ ዶሮ ወጥስ?

አንባቢ በዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ከሃምሳ አምስት ቀን የዐቢይ ጾም በኋላ የሚበላው የፋሲካ ዶሮ ወጥም ጊዜ የተወሰነለት ምግብ አይደለምን? ታዲያ ማስታወቂያው የሚያደርገው ነገር አያቶቻችን ከሚያደርጉት በምን ይለያል?

መመሳሰሉን መካድ አንችልም። መከልከል መሻትን ያሳድጋል፤ ከረጅም ጊዜ መታቀብ በኋላ የጣዕም ጥጋብ ይታደሳል፤ በፋሲካ ሌሊት የምንቀምሰው ወጥ በሰኔ ከምንበላው ጋር አንድ ዓይነት ቢሆንም አንድ ሆኖ አይሰማንም። ሆኖም ሁለት መሠረታዊ ልዩነቶች አሉ።

የመጀመሪያው ልዩነት ቀኑ የሚታወቅ መሆኑ ነው። ፋሲካ በየዓመቱ ቢዘዋወርም ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው አበቅቴን፣ መጥቅዕንና መባጃ ሐመርን አስልቶ የመቶ ዓመት በኋላውን ፋሲካ እንኳ ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ቤተሰብ ይዘጋጃል፣ ይቆጥባል፣ ዶሮውን አስቀድሞ ይገዛል። የድርጅቱ ወቅት ግን ስሌቱ ለደንበኛው የተሰወረ ነው። ፈርስተርና ስኪነር በ1957 ባሳተሙት ሥራ ሽልማት መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ሁኔታ እንስሳት ያለመታከት መሞከራቸውን እንደሚቀጥሉ አሳይተዋል። የሚታወቅ ቀን ዝግጅትን ይወልዳል፤ የማይታወቅ ቀን ጥድፊያን ይወልዳል።

ሁለተኛው ልዩነት ሁሉም ሰው አብሮ መጾሙና አብሮ መፈሰኩ ነው። የፋሲካ ማዕድ እጥረትን ለሁሉም እኩል አካፍሎ ትርፉንም ለሁሉም ያካፍላል፤ ጎረቤት ይጠራል፣ ያጣ ይጎበኛል። በማስታወቂያው እጥረት ግን ሌላው ሰው ተጋሪ ሳይሆን ተሻሚ ነው፤ በብስኩቱ ሙከራ ሌሎች መፈለጋቸው ሲነገር መሻት የጨመረውም በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ምግቡ ጊዜ አለውን?» ሳይሆን «ጊዜውን የያዘው ማን ነው?» የሚለው ይመስለናል።

በፍትሐዊ መንገድ መቅመስ

መጥቶ የሚጠፋ ምግብን መቅመስ ስሕተት ነው አንልም። ነገር ግን የምንቀምሰው ምግቡን ይሁን ማስታወቂያውን መለየት ይቻላል። የምግብ ሳይንስ ለዚህ ሁለት ቀላል ዘዴዎች አሉት።

የመጀመሪያው የሦስትዮሽ ሙከራ ይባላል። «አዲሱ ልዩ ስጎ» በእርግጥ ከመደበኛው የተለየ መሆኑን ለማወቅ ሦስት ተመሳሳይ ሳሕኖች ይዘጋጃሉ፤ በሁለቱ አንደኛው ስጎ፣ በሦስተኛው ሌላኛው ይደረጋል። ቀማሹ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ የተለየውን እንዲያመለክት ይጠየቃል። ያለ ምንም ችሎታ በግምት ብቻ የመሳካት ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው። ስለዚህ ከ12 ቀማሾች 4 ያህሉ በዕድል ብቻ ትክክል ይሆናሉ። 8 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ትክክል ቢሆኑ ግን ይህ በዕድል የመከሰቱ ነገር ከመቶ 2 ያህል ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ እውነተኛ ነው ለማለት ያስደፍራል። ቀማሾቹ በየመሐሉ ውኃ መጠጣት፣ የሳሕኖቹም ቅደም ተከተል ለየሰዉ መለዋወጥ አለበት።

ሁለተኛው ሙከራ የመሻትንና የመደሰትን ልዩነት ይፈትሻል። ከአንድ ድስት የወጣ ሳምቡሳ በሁለት ትሪ ይቀመጥ። በአንደኛው ላይ «ዛሬ ብቻ፤ የቀረው ጥቂት ነው» ተብሎ ይጻፍና ቁጥሩ ይቀነስ፤ በሌላው ላይ ምንም አይጻፍ። ግማሾቹ ተማሪዎች ከአንደኛው፣ ግማሾቹ ከሌላው ይቅመሱ። ከዚያም ለየብቻ ሁለት ጥያቄ ይጠየቁ፦ «ምን ያህል ጣፈጠህ?» እና «ሌላ ለመጨመር ስንት ብር ትከፍላለህ?»። ለመጀመሪያው በምግብ ቅምሻ የተለመደውን ከ1 እስከ 9 ያለውን መለኪያ መጠቀም ይቻላል። የሁለተኛው መልስ ከፍ ብሎ የመጀመሪያው ካልተለወጠ የ1975ቱ ግኝት በመኖሪያ ክፍላችሁ ተደገመ ማለት ነው። ካልተደገመም ውጤት ነው፤ ምክንያቱን መመርመር ደግሞ የሳይንስ ሌላኛው ደስታ ነው።

ማጠቃለያ

እስካሁን ካየነው እንደምንረዳው «ለተወሰነ ጊዜ ብቻ» የሚለው ሐረግ የሚሠራው በምላስ ላይ ሳይሆን በፍላጎት ላይ ነው። ይህን ማወቅ ለኪስም ለጤናም ይበጃል። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲወስድ ይመክራል፤ ሥጋን በሚያጣብቅ ጨውና በስጎ የተሞላ ምግብ ለዚህ መጠን ብዙም ቦታ አይተውም። በጥድፊያ የሚወሰን ውሳኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም።

ነገሩ በተለይ በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሌላ ትርጉምም አለው። በእምነቱ የአሳማ ሥጋ የማይበላ ወይም ለሰሊጥና ለለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው የመደበኛውን ዝርዝር ይዘት ከጊዜ ብዛት ያውቀዋል። ትናንት መጥቶ ነገ የሚሄደውን ምግብ ግን አያውቀውም፤ የለመደው ሳንድዊች አዲስ ስጎና አዲስ ሥጋ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ምግቡ አዲስ በሆነ መጠን የይዘቱን ዝርዝር የማንበብ ግዴታውም ይጨምራል።

የሚቀጥለው «ተመልሷል!» የሚል ማስታወቂያ ሲያጋጥመን እንግዲህ ሁለት ጥያቄ ለራሳችን ብናቀርብ መልካም ነው። ይህን ምግብ ዓመቱን ሙሉ ቢሸጥ ኖሮ ዛሬ እገዛው ነበርን? ባለፈው ስበላውስ በእርግጥ ጣፍጦኝ ነበርን? ለሁለቱም መልሳችን «አዎን» ከሆነ ማዕዱ ይባረክ። አንዱ እንኳ «አይደለም» ከሆነ ግን የራበን ሆዳችን አለመሆኑን እንወቅ።